ሻኛ የሌለው ዓሣ

እማማ ማናልሞሽ ጋምቤላን ረግጠዋት አያውቁም። ይህን የሚያውቁት እግዜርና እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቴፒ ውስጥ ግን «በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ጋምቤላ ወርደው መርከብ የተሳፈሩ» እየተባሉ ስልሳ ምናምን ዓመት ኖረዋል። ወሬውን የዘሩት ራሳቸው ናቸው። ለቅሶ ቤት አወሩት፣ ቡና ሲለቅሙ አወሩት፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሳይቀር ተነሥተው አወሩት። ጭሱን፣ ጡሩንባውን፣ የፈረንጁን ቀይ ጢም። ጥሩ አድማጭ ሲያገኙ ዓሣም ይጨምሩበታል፤ «ክንዴን የሚያህል በልቻለሁ» ይላሉ።

ማን ያምናቸው እንደነበር እንጃ። አንዲት ግን ከልቧ ታምናቸው ነበር፤ የልጃቸው ልጅ፣ የስምንት ዓመቷ ረድኤት። መዘዙም የመጣው በእሷ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ አያቷ መርከብ ብታወራ፣ አጠገቧ የምትቀመጠው ሐፍሳ «ኢትዮጵያ ባሕር የላትም። ባሕር ከሌለ መርከብ የለም። አያትሽ ውሸታም ናት» አለቻት። ረድኤት እያለቀሰች ቤት ገባች።

«ማን? እኔ?» አሉ እማማ ማናልሞሽ። «የዙሌይካ ልጅ አይደለች? እናቷም አፏ አርፎ አያውቅም። እንባሽን ጥረጊ! ትምህርት ሲዘጋ ጋምቤላ እወስድሻለሁ። የወንዙን ወደብ በዓይንሽ አይተሽ፣ ዓሣውን በጥርስሽ ነክሰሽ መጥተሽ ትነግሪያታለሽ።»

የደነገጡት ከተናገሩት በኋላ ነው። ልጅቱ ግን ቀን መቁጠር ጀምራ ነበር፤ ቃል ወጥቷል። የመንፈቁ ፈተና እንዳለቀ፣ በጥር፣ ልጅቱን ይዘው መኪና ተሳፈሩ።

ማሻ ላይ መኪናው ለቁርስ ቆመ። ሰው ሁሉ በጉሙ ውስጥ ወረደ፤ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም።

«እማምዬ፣ ሽንት ቤት እንኳ አትሄጂም?»

«ማሻ ላይ አልወርድም። ማሻን አልወድም» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። ረድኤት ሰው ከተማን እንደ ጎረቤት ሲያኮርፍ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጋምቤላ ሲገቡ ሙቀቱ ተቀበላቸው። በማግስቱ ማለዳ ከፔንሲዮናቸው ወጥተው ባጃጅ ያዙ። መጀመሪያ ትልቁን ድልድይ አዩ። ከሥሩ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ጭንቅላታቸው የተላጨ የሚመስል ትልልቅ ወፎች አሸዋው ላይ ቆመዋል። «እነዚህ ደግሞ ዕድር የሚሰበስቡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ» አሉ እማማ ማናልሞሽ፤ ልጅቱ እስኪያማት ሳቀች። ሐሳባቸው ግን ያለው ሌላ ቦታ ነበር። ወደቡ ምን ሆኖ ይጠብቃቸው ይሆን? እውን ወደብ የሚባል ነገር ኖሮ ያውቃልን? እሳቸው ያወሩት ሁሉ አባታቸው ያወሩላቸውን ነው። አባታቸው ደግሞ ነጋዴ ነበሩ፤ ነጋዴም ያጋንናል።

ባጃጁ ከወንዙ ዳር አወረዳቸው። ጣሪያው የተገሸለጠ የድንጋይ መጋዘን አለ፤ በመስኮቱ ዛፍ በቅሏል። መርከብ የለም።

«መርከቡ የታለ?» አለች ረድኤት።

«መርከብ አያረጅም? እንደኔ አርጅቶ ተኝቷል።» ከዚያ ልባቸውን ሞሉና በጣታቸው ያመለክቱ ጀመር። «በቅሎዎቹ እዚህ ይራገፋሉ። ሚዛኑ እዚያ ነው። ፈረንጁ ቡናውን በጥርሱ ሰበር ያደርግና፣ ካልደረቀ ከነጆንያው ይመልሰዋል። ከዚያ ተሸካሚው በድንጋዩ ደረጃ ይወርዳል። ደረጃው አሥራ አንድ ነው።»

ረድኤት ሮጠች። እውነትም የድንጋይ ደረጃ ነበረ! እየዘለለች ቆጠረች። «እማምዬ፣ ዘጠኝ ነው!»

«አሥራ አንድ ነው አልኩ!»

«ዘጠኝ!»

እማማ ማናልሞሽ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ አንድ እጃቸውን የልጅቱ ትከሻ ላይ ጥለው ወረዱ። ጫማቸውን አወለቁና ከዘጠነኛው ሥር ያለውን ጭቃ በእግራቸው ጫሩት። አሥረኛው ተገኘ። ልጅቱ በእጇ ቆፈረች። አሥራ አንደኛው!

«አየሽ!» ብላ ጮኸች። «ሐፍሳ ትፈንዳ!»

እሳቸው ግን ሙሽራ ወንበሯ ላይ እንደምትቀመጥ በዘጠነኛው ደረጃ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ስልሳ ምናምን ዓመት ያወሩት ነገር እውነት መሆኑን ያወቁት ገና አሁን ነው።

ለምሳ ከወንዙ ዳር፣ ማንጎ ሥር ጠረጴዛ የዘረጋ ቤት ገቡ። አስተናጋጇ ዲቦራ የምትባል ሳቂታ ልጅ ናት።

«ምን ልታዘዝ እማማ?»

«ዓሣ ነዋ! ጋምቤላ መጥቼ ሽሮ ልበላ ኖሯል?» ልባቸው ሞልቶ ነበር፤ ያሳሳታቸውም እሱ ነው። «ሙሉውን ጥብስ። ስሚ ደግሞ፣ ሻኛውን ለብቻ አድርጊልኝ፤ ለልጄ ነው። ከጎድኑም ጮማ ያለውን ምረጪ።»

ዲቦራ የቀለዱ መስሏት ሳቀች። ፊታቸውን ስታይ ግን አፏን በእጇ ሸፈነች። «እማማ፣ ዓሣ እኮ ሻኛ የለውም።»

«የናንተ ዓሣ አይኖረው ይሆናል! የድሮዎቹ...» አሉና አቋረጡ። ረድኤት ዓይኗን ሳትነቅል ታያቸው ነበር። ዲቦራ ቀስ ብላ ወደ ማድ ቤት ሄደች።

«እማምዬ፣ ዓሣ በልተሽ አታውቂም?»

አያቷ የጠረጴዛውን ልብስ አቃኑ።

«መርከቡንስ?»

እማማ ማናልሞሽ መሀረባቸውን አውጥተው አንገታቸውን ጠረጉ። ሌላ ውሸት ምላሳቸው ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የልጅቱ ጥፍር ውስጥ የቀረውን የደረጃውን ጭቃ አዩና ዋጡት።

«አላየሁትም። የአንቺን ዕድሜ ሳለሁ አባቴ በቅሎ ላይ፣ ጆንያው መሀል አስቀምጦኝ ከቴፒ ወጣን። ማሻ ስንደርስ ወባ ጣለኝ። ዘመድ ቤት ትቶኝ ሄደ። በቅሎዎቹ ሲሄዱ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። በወሩ ተመልሶ ወሰደኝ። እስከ ቤት ድረስ መንገዱን ሙሉ እየነገረኝ ነው የመጣነው፤ ደረጃውን ሳይቀር ቆጥሮልኛል።»

«ታዲያ ለምን አየሁት አልሽ?»

«ስንገባ የሰፈሩ ልጆች ከበው ‹አየሽው?› አሉኝ። ማሻ ተኝቼ ቀረሁ ልበል? አየሁት አልኩ። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። አላጋለጠኝም፤ በቅሎዋን ማራገፍ ጀመረ። አንዴ ካልኩ በኋላ በምን አፌ ልመልሰው?»

ዓሣው መጣ፤ በቢላ የተተለተለ፣ እንደ ጠቆረ እንጨት የተጠበሰ፣ ከነዓይኑ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር። እማማ ማናልሞሽ አፈገፈጉ። «ያየኛል እኮ!»

ዲቦራ ጭንቅላቱን ወደ ራሷ አዞረችላቸውና ሥጋውን ከአጥንቱ ማላቀቅ አሳየቻቸው። ረድኤት ቶሎ ገባት፤ አንድ ጉርሻ አዘጋጅታ አያቷን አጎረሰች። ስትጣላቸው አታጎርስም፤ ይህን ያውቃሉ። አላመጡ። ደጋግመው አኘኩት።

«ይኼንን ነው ሳልበላ የዋሸሁት?» አሉ በመጨረሻ። «አሳንሼ ነው የዋሸሁት!» ዲቦራ ሳቋን ለቀቀችው፤ ሁለተኛ ዓሣም ታዘዘ።

ልጅቱ ጣቷን እየላሰች «ለሐፍሳ ምን ልበላት?» አለች።

«አያቴ ውሸታም ናት በያት። እውነቱ ነው።»

«አልላትም።» ረድኤት ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። ከዳር አንዲት ጠባብ ጀልባ ታስራ ቆማለች፤ ሰው ወደ ማዶ ታሻግራለች። «ያቺ ጀልባ ሰው ትጭናለች?»

«ትጭናለች። እናስ?»

«ተነሺ።»

«እብድ ነሽ? አዞ አለበት! በዚህ ዕድሜዬ...»

«እማምዬ፣ ተነሺ።»

ባለ ጀልባው ኡጁሉ የሚባል ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እጃቸውን ይዞ አስገባቸው። እሳቸው ዝም አላሉም፤ «ቀስ በል! ወደዚህ አታዘንብል! ማሪያምን ብትጥለኝ አለቅህም!» እያሉ የጀልባዋን ጠርዝ ጨመደዱ። ኡጁሉ በረጅም እንጨት ገፋ፤ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ሄደ። እስከ መሀል ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

ሲገልጡት ከለቀቁት ዳር መጋዘኑ፣ ማንጎው፣ ደረጃው፣ በእግርና በእጅ የቆፈሩት የጭቃ ጉድጓድ ሳይቀር ይታያል።

«አባቴ ይኼን አላየም» አሉ።

«ምኑን?»

«ከውሃው በኩል። እሱ ቡናውን አስረክቦ ዳር ቆሞ ነው ያየው። ተሳፍሮ አያውቅም።» እጃቸውን ከጠርዙ አላቀቁና ውሃውን ነካ አደረጉ። «ለሐፍሳ፣ አያቴ ጋምቤላ ተሳፍራለች በያት። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነበር በያት። የጀልባዋን ስፋት ግን ካልጠየቀችሽ አትንገሪያት።»

«ከጠየቀችኝስ?»

«እሷ መጠየቋ አይቀርም፤ የዙሌይካ ልጅ ናት። እንግዲህ ንገሪያት።»

ረድኤት ሳቀችና ራሷን ጭናቸው ላይ ጣለች። ኡጁሉ ጀልባዋን አዞረ።

«ነገ ስንመለስ» አሉ እማማ ማናልሞሽ፣ ፀጉሯን እየዳበሱ፣ «ማሻ ላይ ወርደን ምሳ እንበላለን። ያንን አጥር ቆሞ ካገኘሁት አሳይሻለሁ።»