ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ቁራሽ

ልጆቼ፣ ይህ የሆነው በንግሥት ዘውዲቱ ጊዜ፣ የኅዳር በሽታ አገሩን በፈጀበት ዓመት ነው። ስማዳ ውስጥ፣ ጉንድ ሚካኤል በምትባል ትንሽ ደብር። በሽታው ሲገባ ገብሱ አጨዳ ላይ ነበር። ያጨደው ሳይከምር፣ የከመረው ሳይወቃ ሰው አለቀ። ወገዳ ገበያ የሚቆም ጠፋ። ጎረቤት ጎረቤቱን በአጥር ላይ አሻግሮ «አላችሁ?» ብሎ ይጣራል፤ መልስ ከመጣ እሰየው፣ ካልመጣ ሰው አካፋ ይዞ ይሄዳል።

በደብሩ የኔታ ወልደ ሰንበት የሚባሉ የመዋሥዕት መምህር ነበሩ። መዋሥዕት ለሞተ ሰው የሚዜም ነው። ብቻውን አይባልም፤ አንዱ ሲመራ ሌላው ይቀበላል። ተማሪዎቻቸው ከጎጃምም፣ ከላስታም፣ ከየትም የመጡ ናቸው። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ። ምግባቸው ያው የቆሎ ተማሪ ምግብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በየደጁ እየዞሩ «በእንተ ስማ ለማርያም!» ብለው የሚለምኑት ቁራሽ።

ታዲያ በሽታው ሲብስ የአገር ሽማግሌ የኔታ የሚያስተምሩበትን ጉባኤ ዘጋው። «ከቤት ቤት የሚዞር እግር ነው በሽታውን የሚያዞረው» ተባለ። ውሸት ነው አልልም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀው የለም። ሬሳው ያለ ዜማ ተቀበረ። የኔታ ብቻቸውን መቃብሩ ዳር ይቆሙና ይመራሉ፤ የሚቀበል ሲያጡ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ከለቅሶው ይብስ ነበር ይሉ ነበር የሰሙት።

ጥር ሲገባ በሽታው ጋብ አለ። ከገና ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ተራርቆ ነው የተቀመጠው። ነገሩን የከፈተው ጭቃ ሹሙ ሞላ ነበር፤ ነገር ሲጀምር ጉሮሮውን የመጥረግ ልማድ አለው። ያን ቀን ግን ሳል የመሰለ ነገር ሁሉ ሰው ስለሚያስበረግግ ሳይጠርግ ጀመረ።

«የኔታ ጉባኤው ይከፈት፣ ተማሪው ይመለስ ይላሉ። ያላችሁን በሉ።»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ አርጅቻለሁ። ይህ ዜማ እዚህ ነው ያለው» አሉና ደረታቸውን ነኩ። «ነገ ስሞት አብሮኝ ይቀበራል። ተማሪዎቼን ስትበትኑ እሺ አልሁ። ዛሬ ግን እስቴ ላይ በድንጋይ አባረሯቸው፣ ጋይንት ላይ ውሻ ለቀቁባቸው ሲባል እሰማለሁ። ቤታችሁ ሂዱ አልናቸው። የቆሎ ተማሪ ምን ቤት አለው? ከእናቱ ተደብቆ የወጣ ልጅ እኮ ነው! ደግሞስ እናንተ፤ ሙታናችሁን እንደ ከብት ቀበራችኋቸው። ዐርባቸው ያለ ዜማ አለፈ። ሰማንያቸውም እንዲሁ ይለፍ?»

እንደ ከብት የሚለው ቃል ሁሉንም ወጋው። ሰው አንገቱን ደፋ።

ጓዴ የሚባል አንድ ጨዋታ አዋቂ ገበሬ ነበር። «እኔስ ቢመለሱ ደስታዬ ነው» አለ። «ውሻዬ የሚነክሰው ተማሪ አጥቶ እኔን በክፉ ዓይን ማየት ጀምሯል።»

ሰው ሳቀ። ከኅዳር ወዲህ በዚያ ግቢ የተሳቀው ያን ቀን ነው።

«ሳቅ፣ አያ ጓዴ» አለች አንዲት ሴት ከወደ ኋላ። «ያንተ ቤት ሙሉ ነው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። አሰለፈች ነበረች። ደጉ የሚባል ባሏን በኅዳር ቀበረች፤ ሁለት ወንዶች ልጆቿንም አከታትላ። ፀጉሯን ተላጭታ፣ ከል ለብሳለች። አጠገቧ የቀረቻት አንዲት ልጇ፣ ማሚቴ፣ የእናቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ ቆማለች። ወተት ጥርሷን ገና ያልጨረሰች ልጅ ናት።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች አሰለፈች። «ተማሪ ጠልቼ አይደለም። ደጉ ያለ ዜማ መሄዱ ጉሮሮዬ ላይ እንደ አሜኬላ ቆሟል። ግን የቀረችኝ ይቺ ናት። ተማሪው ከመጣ በየደጁ ይዞራል። በየደጁ ከዞረ እኔም ደጅ ይመጣል።»

«ታዲያ በርሽን ዝጊ!» አለ ሞላ።

«ልዝጋ? አንተ ዘግተህ ታውቃለህ፣ አያ ሞላ? እናትህ ዘግታ ታውቃለች? በደጄ ቆሞ የማርያምን ስም የጠራውን እኔ ምን ብዬ ነው የምመልሰው? እጄ እሺ አይለኝም። የናንተም እሺ አይላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ለዚህ ነው አታምጡብኝ የምላችሁ። ከበሽታው ይልቅ እጄን ነው የፈራሁት።»

እውነቷን ነበር። በዚያ አገር ሌባ ይመለሳል፣ ቀራጭ ይመለሳል፤ ተማሪ ግን አይመለስም።

ጓዴ በሳቁ አፍሮ ኖሮ መላ አመጣ። «በደጅ አይዙሩ እንበል» አለ። «ከግቢው በታች፣ ከወይራው ሥር ያ ጠፍጣፋው ድንጋይ አለ አይደለም? ሰው ቁራሹን እሱ ላይ አኑሮ ይመለስ። ሰው ከራቀ በኋላ ተማሪው ወርዶ ይውሰድ። ማንም ከማንም አይነካካ።»

«የማርያምን ድርሻ?» አለች አሰለፈች። «እንደ ውሻ ፍርፋሪ መሬት ላይ?»

«ድንጋይ ላይ ነው ያልሁት እንጂ መሬት ላይ መች አልሁ!»

«ማርያም ታውቃለች፣ ልጄ» አሉ የኔታ ቀስ ብለው።

«እሷስ ታውቃለች» አለች። ማሚቴን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት። «የሁላችሁ ቃል ከሆነ እኔ ብቻዬን አገር አልከለክልም። ተማሪ እኔ ደጅ እንዳይደርስ ብቻ።»

«አይደርስም» አለ ሞላ። «አይደርስም» አሉ የኔታም። ጉባኤው ይከፈት ተባለ።

ወሬው በየደብሩ ሲሰማ ተማሪዎቹ አንድ ሁለት እያሉ መጡ። ስንቱ እንደቀረ ግን እግዜር ይወቀው፤ ሞተ ይሁን ሌላ አገር ሄደ፣ የሚያውቅ የለም። ከመጡት ትልቁ ጸጋዬ ነበር። ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት የቀረው፣ ሲታይ አጥንት ብቻ የሆነ፣ ሲያዜም ግን ግቢውን የሚሞላ ልጅ። የኔታ ሲያዩት ሁለት ጉንጩን ይዘው ብዙ ጊዜ አልለቀቁትም አሉ።

ጥምቀት እንዳለፈ በኅዳር ያለቁት ሰዎች መቃብር ላይ መዋሥዕት ተባለ። የኔታ መሩ፣ ጸጋዬና ጓደኞቹ ተቀበሉ። ሰዉ ከግቢው ቅጥር ውጭ ራቅ ራቅ ብሎ ቆሞ አለቀሰ። ማሚቴ ቀና ብላ «እማ፣ አባዬ አሁን ሰማ?» አለቻት። «ሰማ» አለች አሰለፈች። ፊቷ ላይ የነበረው ጭንቅ ለጊዜው ለቀቅ ሲል የጎረቤት ሴቶች አይተዋል። እንግዲህ የኔታም ልክ ነበሩ ማለት ነው። እኔ ይህን ነገር ሳስበው ማንን እንደምወቅስ ሁልጊዜ ይቸግረኛል።

የድንጋዩ ነገር መጀመሪያ ደኅና ሄደ። ችግሩ ቁራ ነው። የእኛን አገር ቁራ ታውቁታላችሁ፤ ያ አንገቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ምንቸት የሚከፍት ሽፍታ! ወይራው ላይ ሰፍሮ ይጠብቃል። ቁራሹን በቅጠል ቢሸፍኑት ቅጠሉን ይገልጣል፤ ድንጋይ ቢጭኑበት ከጎን ይጎትታል። ተማሪው ከላይ እያየ፣ ሰዉ እስኪርቅ ስለሚጠብቅ አይወርድም። ሲወርድ ፍርፋሪ ነው የሚያገኝ። ለማንም አልተናገሩም። ተርበው አደሩ፣ ተርበው አጠኑ። ማሚቴ ግን ቤታቸው ለወይራው ቅርብ ነውና ታይ ነበር።

በፊት፣ በደኅናው ጊዜ፣ «በእንተ ስማ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ከቤት ሮጣ የምትወጣ እሷ ነበረች። ቁራሹን በሁለት እጇ ትሰጥና ምርቃቷን እስክትቀበል ትቆማለች። እናቷ ናት ያስተማረቻት። «የማርያም ድርሻ ከእጅ ወደ እጅ ነው» ትላታለች። «ጥሎ የሰጠ እንዳልሰጠ ነው።»

የአስተርእዮ ማርያም ዕለት አሰለፈች ለዝክር ዳቦ ጋገረች። ለማሚቴ ሰጥታት አታውቅም፤ ወደ ድንጋዩ የምትወስደው ሁልጊዜ ራሷ ነች። ያን ቀንም ልትወስድ ስትነሣ የወለደች ላሟ ገመድ በጥሳ ወደ ጎረቤት አውድማ ገሰገሰች። የሰው ገብስ ልትበላ ነው! አሰለፈች ዱላ ይዛ ስትሮጥ ወደ ኋላዋ ጮኸች።

«ማሚቴ! ዳቦውን ድንጋዩ ላይ አኑሪና ተመለሽ! እንዳትቆዪ!»

ማሚቴ ዳቦውን ይዛ ወጣች። ቁራዎቹ ወይራውን ሞልተውታል። ዳቦውን ልታኖር ጎንበስ ስትል አንዱ ወረደ። ቀና ስትል ሸሸ። እንደገና ጎንበስ አለች፤ እንደገና ወረደ። ከላይ ጸጋዬ ጎጆው በራፍ ላይ ቆሞ ያያል።

«አኑሪና ሂጂ፣ እህቴ!» ብሎ ጮኸ።

«ቁራው ይወስደዋል!»

«ይውሰደው! ሂጂ ግድ የለም!»

«የማርያም ነው እኮ!» አለች። «የዝክሯ ነው!»

ጸጋዬ ወረደ። ልብ በሉ ልጆቼ፣ ያ ልጅ ከጥምቀት ወዲህ የጠገበበት ቀን የለም። እንድታስቀምጠው ነገራት፣ እንቢ አለች። ዳቦውን በሁለት እጇ ዘርግታ ቆመች። ጸጋዬን ጠዋት ራሱን አሞት ነበር፤ ከረኃቡ መሰለው። ተቀበላት። እንደ ወጉም መረቃት፤ «ማርያም ለእናትሽ ታቆይሽ» አላት። ደስ ብሏት እየዘለለች ወረደች።

በማግሥቱ ጸጋዬ በትኩሳት ወደቀ። ወዲያው ማሚቴም ታማ ተኛች።

አሰለፈች ግንባሯን ስትዳስሰው ነገሩ ገባት። «የት ሄደሽ ነበር? ከማን ጋር ተገናኘሽ?» አለቻት። ልጅቷ አልዋሸችም።

«ቁራው ሊበላው ሆነ። ለተማሪው በእጁ ሰጠሁት። አንቺ ከእጅ ወደ እጅ ነው ብለሽኝ የለም፣ እማ?»

አሰለፈች መልስ ከመስጠቷ በፊት ውኃውን አነሣች፣ አጠጣቻት፣ አፏን ጠረገችላት።

«ብያለሁ» አለች። «ደግ አድርገሻል።»

ማሚቴ ሰንበትን ሳታይ ሞተች። የኔታ ራሳቸው መሩ። ያልታመሙት ተማሪዎች ተቀበሉ። አሰለፈች አላለቀሰችም፤ ቆማ ሰማች።

ሰዉ ግን ተቆጣ። በሚቀጥለው እሑድ እዚያው ደጀ ሰላም ተሰበሰበ። ሞላ ቁጭ አላለም።

«አታምጡ ስትል እንቢ ብለን ይኸው ልጇን በላን! ዛሬውኑ ይውጡ። ጎጆው ይቃጠል!»

«ያ የታመመውስ?» አለ አንዱ።

«ጓዴ ቤቱ ወስዶ ያስታምመዋላ!» አለ ሞላ። «መላውን ያመጣ እሱ ነው።»

ጓዴ ጨዋታ አልመጣለትም። «እውነት ነው፣ እኔ ነኝ» አለና ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ።

የኔታ ተነሥተው «እነሱን ተዉ» አሉ። «ጉባኤው ይከፈት ያልሁ እኔ። እኔ ልውጣ። ዜማውም ከእኔ ጋር ይቅር፤ የሰው ልጅ ከሚያልቅ።» መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ በሩ አመሩ።

ያኔ አሰለፈች ከበሩ ገባች። ሰው መንገድ ለቀቀላት፤ ሐዘኗን አክብሮም፣ በሽታውን ፈርቶም።

«የኔታ፣ ይቀመጡ» አለች። «የትም አይሄዱም።»

«አሰለፈች፣ በምን ዓይኔ አይሻለሁ» አሉ።

«ይዩኝ እንጂ ምን ያደርጋሉ።» ወደ ሞላ ዞረች። «አያ ሞላ፣ እነዚህን ብታባርር ወዴት ይሄዳሉ?»

«ወደ ፈለጉበት ይሂዱ!»

«ሌላ አገር ሄደው ሌላ ደጅ ይቆማሉ። እዚያም አንዲት ሴት አለች፤ ልጅ አላት። እሷም እጇ እሺ አይላትም።»

ወደ ሰዉ ሁሉ ዞረች።

«ይቆዩ» አለች። «ጉባኤው አይዘጋ። የናንተም ደጅ አይድረሱ፤ ልጆች አሏችሁ። ድንጋዩንም ተዉት፣ ለቁራ ነው የተረፈ። እህሉን ከየቤታችሁ ላኩልኝ፣ እኔ ልጋግር። እኔ ደጅ ይምጡ። እኔ የሚወሰድብኝ የለም።»

ሞላ ቁጭ አለ። ጓዴ ያን ዕለት ማታ በአህያ ገብስ ጭኖ ደጇ አውርዶ፣ ሳይጠራት ተመለሰ። ሌላውም ተከተለ።

እንዲህ ሆኖ ነው ያ ጉባኤ ያልተዘጋ። በሽታው እስኪጠፋ ድረስ ተማሪዎቹ የሚለምኑበት አንድ ደጅ ብቻ ነበር። ሁሉም በተራ እየመጡ ይጠሩ ነበር፤ እሷም እየወጣች ትሰጥ ነበር።

ጸጋዬ ተረፈ። ተነሥቶ መራመድ በቻለ ጊዜ በዘንግ ተደግፎ መጣ። ደጇ ላይ ቆመ። የማርያምን ስም ሊጠራ አፉን ከፈተ፣ ድምፁ አልወጣለትም። ሊመለስ ዞረ።

አሰለፈች የእግሩን ኮቴ ሰምታ እንጀራ ይዛ ወጣች። አየችው።

«ወዴት ነው?» አለችው። «ሳትለምን ነው የምትሄድ?»

እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ። «በእንተ...» ብሎ ጀመረና አቆመ።

«ቀስ በል፣ ልጄ» አለችው። «እስኪመጣልህ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ቤት ውስጥ የሚጣራኝ የለም።»