ሽማግሌ ያልተላከበት ፊልም

ይህን የነገረችኝ ቪዲዮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሩቂያ ናት። ሩቂያ ወሬ ትወዳለች እንጂ ከራሷ አትጨምርም፤ ደግሞም በዓይኗ ያየችው ነገር ነው። አቶ መኩሪያ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ የህንድ ፊልም ውስጥ ገቡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ነው የገቡት። ፊልሙ ሲያልቅ አልወጡም።

ነገሩ የተነሣው ከሣጥኑ ነው። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ኢድሪስ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲቀይር የጣለውን የአስተያየት መስጫ ሣጥን አምጥቶ በሩ አጠገብ ሰቀለው። ቁልፉ ጠፍቷል። እዚያ መሥሪያ ቤት እያለም ከፍቶ ያየው ሰው የለም ይባላል። ኢድሪስም የሰቀለው ለጌጥ ነበር።

ቅዳሜ አዲስ የህንድ ፊልም ጀመረ፤ ቀለል ያለ፣ የሚያስቅ። አንድ ሰዓት ሠሪ ወጣት የጣፋጭ ነጋዴውን ልጅ ይወዳል። አባትየው በሩን አይከፍትለትም። ልጁ በሩ በተዘጋበት ቁጥር ሞተር ሳይክሉ ላይ ቆሞ ይዘፍናል። ኢድሪስ ከቴሌቪዥኑ ጎን ሆኖ በማይክ ይተረጉማል፤ ሂንዲውን ድሬዳዋ ከህንድ ነጋዴዎች ጉርብትና ሲያድግ የለቀመው ነው።

ሰፈሩ አይቶ ወጣና ሳምቡሳው ዙሪያ ቆሞ አስተያየቱን ሰጠ።

«ዘፈኑ አልረዘመም?»

«ልጅቷስ ቆንጆ ናት። ግን ምን እንደዚያ ያስሮጣታል?»

«ፀጉሩን አይታችሁልኛል?» አለ ፀጉር አስተካካዩ ጋሽ ቶሎሳ። «አሁን ይሄን ይዞ ነው ልጅ ስጡኝ የሚለው?»

«አቦ እዚህ ከምትጮሁብኝ ጽፋችሁ እዚያ ሣጥን ውስጥ ክተቱት፤ ዘይቴ ቀዘቀዘ» አለች ሩቂያ። ጽፈው ከተቱት።

በማግስቱ ያው ፊልም ሲታይ ዘፈኑ አጥሯል። ልጅቷ ቀስ ብላ ሄደች። ልጁም ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ። ጋሽ ቶሎሳ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን ተጠግቶ የልጁን ማጅራት መረመረና «የኔ እጅ አይደለም፤ ግን ደህና ተሠርቷል» ብሎ ተቀመጠ። ኢድሪስ ሣጥኑን አውርዶ ቢያራግፈው ባዶ ነው።

ወይዘሮ የሻረግ የአቶ መኩሪያ ሚስት ናት። ሁለቱ ሁልጊዜም የፊተኛው አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጡት። ሰኞ ፊልሙ እንዳለቀ የሻረግ ሩቂያን በዓይኗ ጠራቻት።

«ጻፊልኝ እስቲ። ፊልሙ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ቀርቶታል።»

«ምን ቀረው እትዬ?»

«ሽማግሌ። ሰው ሞተር ሳይክል ላይ ቆሞ እየዘፈነ የሰው ልጅ ይጠይቃል? አባትየው ምን አጠፋ? እኔም ብሆን አልከፍትም።»

አቶ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ለምን እንደመለሱ ሰፈሩ ያውቃል። የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት እሳቸውና የሻረግ ተያይዘው ከመኢሶ በባቡር ሲጠፉ፣ ለአባቷ አንድም ሽማግሌ አልተላከም። አባቷ አቶ ውብሸት እስኪሞቱ ድረስ አማቻቸውን በደጃቸው አላሳለፉም። የሻረግ ይህን ነገር አንድ ቀን አንሥታው አታውቅም።

ማክሰኞ ልጁ በሩ ላይ ደርሶ ሞተሩን አጠፋ። አልዘፈነም። ወደ ተመልካቹ ዞሮ ተናገረ።

«'ሽማግሌ የለኝም፤ ከእናንተ መካከል ይሁንልኝ' ነው የሚለው» አለ ኢድሪስ።

«በወግ ጠየቀ» አሉ ሐጂ ዩያ፣ የሰፈሩን ሁሉ ጠብ የሚያበርዱት ሰው። «ሦስት መሆን አለብን። ቶሎሳ፣ ተነሥ።»

አቶ መኩሪያ ማንም ሳይጠራቸው ተነሡ።

«አንተ ደግሞ የት ልትሄድ ነው?» አለች የሻረግ።

«ልጁ ሰው የለውማ» አሉ።

ቴሌቪዥኑ ሃያ ዘጠኝ ኢንች ስለሆነ ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ አያሳልፍም። ከዘራቸውን እንደያዙ በዕድሜ ተራ ገቡ።

አባትየው በሩን ከፍቶ ወንበር አስወጣላቸው። «ለመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ ሐጂ ዩያ። ኢድሪስ በማይኩ ወደ ሂንዲ መለሰለት። አባትየው የአገሩ ወግ አይደለምና ግራ ገባው፤ እንግዳ ቆሞ እሱ መቀመጡን ግን ነውር አደረገውና አብሯቸው ቆመ። አራቱም እንደቆሙ ፊልሙ አለቀ።

ረቡዕ ኢድሪስ ሲዲውን መልሶ ሲከተው፣ ሦስቱ የተዋንያኑ ስም ከመውጣቱ በፊት ጀምሮ በሩ ላይ ቆመዋል። የአቶ መኩሪያ ጢም አድጓል። የሻረግ የደም ግፊት ኪኒናቸውን በወረቀት ጠቅልላ ሣጥኑ ውስጥ ከተተች። ሐሙስ ልጅቷ ውኃ አመጣችላቸውና አቶ መኩሪያ ኪኒናውን እንደቆሙ ዋጡት። «ከምግብ በኋላ ነው!» ብላ ጮኸች የሻረግ። ኢድሪስ ያንንም ተረጎመው።

ሰፈሩ «አባትየው ይስጥ፣ ሰዎቻችን ይውጡ» እያለ በየቀኑ ይጽፋል። አባትየው ወረቀቶቹን እያነበበ ኪሱ ይከታል።

ችግሩ ሲዲው ነው። ከሐረር በውሰት የመጣ ነው፤ እሁድ ጠዋት ይመለሳል።

«አንድ ሳምንት ጨምርልኝ ኢድሪስ» አለች የሻረግ ዓርብ ዕለት።

«እትዬ፣ ከኔ ቀጥሎ ጅጅጋዎች እየጠበቁት ነው። ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«ባሌ እኮ ነው ያለበት።»

«አውቃለሁ እትዬ። ነገ ያልቅላቸዋል፣ ኢንሻአላህ።»

ቅዳሜ ቪዲዮ ቤቱ እስከ በሩ ሞላ። ሩቂያ ድስቷን አውርዳ ገባች። አባትየው ወረቀቶቹን ከኪሱ አወጣ።

«'የሁላችሁንም አስተያየት አይቻለሁ' ይላል» አለ ኢድሪስ። «'ልጄን የምሰጠው ግን የመጡት ሽማግሌዎች ራሳቸው በሽማግሌ ያገቡ እንደሆነ ነው።'»

«በሽማግሌ ነው» አሉ ሐጂ ዩያ።

«በአምስት ሽማግሌ» አለ ጋሽ ቶሎሳ።

አቶ መኩሪያ ከዘራቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩ። «እኔ ሽማግሌ አልላክሁም» አሉ።

አባትየው አሰበ። «'የሚስትህ አባት የት ናቸው?'»

«ሞተዋል።»

«'እንግዲያው እኔን ጠይቀኝ። እኔም የሴት ልጅ አባት ነኝ።'»

አቶ መኩሪያ ሁለቱን ጓዶቻቸውን ግራና ቀኝ አቆሙ። ነጠላቸውን አስተካክለው ዝቅ አሉ። «የአቶ ውብሸትን ልጅ፣ የሻረግን እንዲሰጡኝ ነው የመጣሁት» አሉ።

አባትየው በቴሌቪዥኑ መስተዋት አሻግሮ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ያለችውን የሻረግን ተመለከታት። ኢድሪስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «'ልጄ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?' ነው የሚለው» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። የሻረግ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ይህን ጥያቄ ሠላሳ አራት ዓመት ስትጠብቀው ኖራለች፤ መልሱንም ከእናቷና ከአክስቶቿ አፍ ታውቀዋለች።

«ዘመድ እንማከርበት» አለች። «በሳምንቱ ይመለሱ።»

«እትዬ!» አለች ሩቂያ። «ሲዲው ነገ እኮ ነው የሚሄደው!»

«ይሂዳ። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ ይባላል እንዴ? ምን ቸግሮኝ?»

አቶ መኩሪያ ከገቡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቁ። «ልክ ናት። ወጉ ነው» አሉ። አባትየውም ነገሩ በጣም ስለገባው «'ለኔም ልጅ እንዲሁ፤ በሳምንቱ'» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። ሦስቱ ቆመው ቀሩ። ፊልሙ አለቀ።

እሁድ ጠዋት ሲዲው ሐረር ሄደ። ከሐረር ጅጅጋ ተሻገረ። በሳምንቱ ቅዳሜ የሻረግ «እሺ» የምትል ወረቀት አስጽፋ ሣጥኑ ውስጥ ከተተች። እሁድ ሣጥኑ ባዶ ነበር።

ጅጅጋ ያዩት ሰዎች አስተያየት ይህ ነው፦ ፊልሙ ደስ ይላል፣ ሠርጉም ያምራል፤ በሩ ላይ የተደገፉት ሦስት ከዘራዎች የማን እንደሆኑ ግን አይናገርም።

የጋሽ ቶሎሳን ፀጉር ቤት ወንድሙ ይዞታል። የሐጂ ዩያ ልጆች አባታቸው መንገድ ላይ ናቸው ይላሉ። ኢድሪስ የሣጥኑን አፍ በምስማር ቸነከረው። ሩቂያ አሁንም እዚያው ትጠብሳለች።

የሻረግ ቤቷ ቴሌቪዥኑ ፊት ሦስት ወንበር ደርድራለች። ቴሌቪዥኑ ከተነቀለ ወራት አልፈዋል። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሲሆን ከውስጡ በር ይንኳኳል፣ እሷም ከጓዳ ሆና «ይቀመጡ» ትላለች። ስትወጣ ማንም የለም። ሩቂያ አንድ ቀን ወንበሮቹን በመዳፏ ዳሰሰቻቸው። ሦስቱም ሞቀዋል።