የአክስቴ ባትሪ አላልቅ ሲል

በሰፈራችን እንደኔ ሳይክል የሚነዳ የለም። ወንዶቹንም ጨምሬ ነው የምለው። ዳገቱን ስወጣ የሚኒባስ ሾፌሮች አንገታቸውን እስኪያማቸው ዞረው ያዩኛል። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ባቋርጠውም እግሬ ዲግሪ አለው።

ለዚህ ነው ዕቃ ማድረሱን ሜትር ለኔ የሰጠችኝ። ሜትር የምንሠራበት ስፌት ቤት ባለቤት ናት። መለኪያው ከአንገቷ ስለማይወርድ ነው እንዲያ የምንላት፣ ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ነው። የምንሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ጠዋት ቁልፍ እተክላለሁ፣ ክር እለቅማለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ጥቅሉን ሳይክሌ ላይ አስሬ በየሱቁ አደርሳለሁ። ቁልፍ መትከል ማለት፣ ለማያውቀው፣ መቀመጥ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ስቀመጥ ያመኛል። ያ ከሰዓት በኋላ ባይኖር አንድ ሳምንት አልቆይም ነበር።

እናላችሁ፣ አክስቴ ሳይክል ገዛች። ያውም ባለ ባትሪ።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። የምንኖረው አብረን፣ የምንሠራውም አንድ ቤት፤ እሷ የስፌት መኪና ላይ ናት። ስፌት ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ስለሆነ ደረጃውን ለመውጣት ሦስት ጊዜ ታርፍ ነበር። ሐኪሙ «ካልተንቀሳቀስሽ ጉልበትሽም ልብሽም ይከዱሻል» ሲላት ያጠራቀመችውን አውጥታ ገዛቻት። ሰማያዊ ናት። ትልቅ ቅርጫት አላት። መሪዋ ላይ ቁጥር የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለቻት፤ አምስት ላይ ሲያደርጓት ሞተሩ ይዞ ይበራል፣ አንድ ላይ ትንሽ ያግዛል። የኔዋ ከአጎቴ የወረስኳት ናት፤ ኮርቻዋን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። አንጀቴ እርር አለ።

«ይሄ እኮ እንቅስቃሴ አይባልም» አልኳት በመጀመሪያው ቀን። «ባትሪው ነው የሚከሳው።»

«ይክሳ» አለችኝ። «እኔ እስክለምድ እሱ ይክሳ።»

ሁለት ወር አልሞላትም። ደረጃው ላይ ሁለቴ ማረፍ ጀመረች፣ ከዚያ አንዴ፣ ከዚያ ጭራሽ እያንጎራጎረች ትወጣው ጀመር። በካውያ የሚተኩሰው ሰውዬ «እህቴ፣ ልጅ ሆንሽ እኮ» ይላታል። እኔ ስገባ ከሱሪው ላይ ቀና ብሎም አያየኝም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አላለኝም። የሥጋ ዘመዴ ስለሆነች ቅናቱ ይቀንስልኛል ብዬ ነበር፤ ባሰበት።

ሰኞ ዕለት ሜትር ሁላችን ፊት ቆመች።

«ሱቆቹ ዕቃ ይዘገያል እያሉ ነው» አለች። «ያቺ ባለ ቅርጫት ደግሞ ብዙ ትይዛለች። ሐሙስ ጠዋት ሁለታችሁም አንዳንድ ጥቅል ይዛችሁ ዳገቱ አናት ላይ ወዳለው ሱቅ ትመጣላችሁ። እዚያ እጠብቃለሁ። ቀድማ የደረሰችው ማድረሱን ትይዛለች፣ የቀረችው ትሰፋለች።»

አክስቴ እምቢ ትላለች ብዬ ስጠብቅ «እሺ» አለች። ቀዝቀዝ ብላ፣ «እሺ»።

እኔ ሐሙስን ዝም ብዬ የምጠብቅ ሞኝ ነኝ? ባትሪውን ቻርጅ ማድረግ ቤት ውስጥ የኔ ሥራ ነው። ሶኬቱ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነው። ሰኞ ከሥራ ስንገባ ሰካሁትና ማብሪያውን አጠፋሁት። ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንደዚያው። ሻጩ «በሙሉ ኃይሉ ከነዱት ሁለት ቀን ነው የሚቆየው» ሲላት ሰምቻለሁ፤ ሂሳብ ደግሞ አይከብደኝም። ማክሰኞ ደህና ገባች። ረቡዕም ደህና ገባች፣ ያውም እያንጎራጎረች። ነገ ግን ያልቅላታል ብዬ በደንብ ተኛሁ።

ሐሙስ ከስፌት ቤቱ በር እኩል ተነሣን። ሜዳውን ጥያት ሄድኩ። ዳገቱ ጋ ስደርስ ፍጥነቴን ቀነስኩና ወደ ኋላ አየሁ። አክስቴን አልነበረም የምፈልገው። የጭነት መኪና ነበር።

እንግዲህ አፌ አመለጠኝ፣ ልናገረው። ያንን ዳገት በራሴ ጉልበት ጨርሼው አላውቅም። የጭነት መኪና ሲያልፍ የኋላ ብረቱን በአንድ እጄ ይዤ ነው የምወጣው። ሾፌሮቹም ዞረው የሚያዩኝ አድንቀው ሳይሆን «ይቺ ልጅ ዛሬ ትሞታለች» ብለው ነው። ያን ቀን አንድም የጭነት መኪና አልመጣም። ግማሽ ሳልደርስ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ።

አክስቴ በአጠገቤ አለፈች። ፊቷ በላብ ርሷል፣ እንደ ወናፍ ትተነፍሳለች። መሪዋን አየሁት፤ ትንሿ መስኮት ጨለማ ናት። ባትሪው አልቋል። ልቤ ቅቤ ጠጣ። አሁን ትወርዳለች፣ አሁን ትወርዳለች እያልኩ ከኋላዋ ገፋሁ። አልወረደችም። ቀስ እያለች፣ ከኮርቻዋ ሳትነሣ፣ አናቱ ላይ ጠፋችብኝ።

ስደርስ ጥቅሏን አስረክባ የሱቁ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አንገቷን ትጠርጋለች። ሜትር አጠገቧ ቆማለች።

«እትዬ፣ ይሄ አይቆጠርም» አልኩ እያለከለክሁ። «እንደገና እንወዳደር። ባትሪዋ አልቆ እኮ ነው!»

«ማለቁን አንቺ እንዴት አወቅሽ?» አለች ሜትር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

አክስቴ እጇን ወደ ሳይክሏ መሪ ዘርግታ አንዲት ቁልፍ ተጫነች። መስኮቷ ቦግ አለች፤ ባትሪው ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

«ሞተሩን ካጠፋሁት ወር ሊሆነው ነው» አለች። «ለጉልበቴ ብዬ። ሶኬቱን ማጥፋትሽንም ማክሰኞ ቤት ስጠርግ አይቻለሁ።»

ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የሞላ ባትሪ ነው ስሞላ የኖርኩት። ያፈርኩት ግን ቆይቶ ነው። መጀመሪያ የመጣብኝ ያው ቅናቱ ነበር፤ አሁን ሳይክሏን ትቼ በጉልበቷ ቀናሁ።

«በቃ» አለች ሜትር፣ «ከነገ ጀምሮ ከሰዓት እሷ ታደርሳለች። አንቺ የስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጫለሽ።»

አክስቴ ሥር ተንበረከክሁ ማለት ይቻላል። «አክስትዬ፣ በናትሽ፣ እኔ መቀመጥ አልችልም። ታውቂኛለሽ። ጀርባዬን ያመኛል፣ እግሬ ይደነዝዛል፣ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ እንዴት ይቀመጣል?»

አክስቴ ተነሥታ የሳይክሏን መቆሚያ በእግሯ መታ አደረገችው።

«እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ተቀምጬበታለሁ» አለች። «አሁን አንቺ ቁጭ በይ።»