ዘጠኝ ግራም

ሰውየው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሠራ የኖረው የሰው ሚዛን መፈተሽ ነው። ሥጋ ቤት፣ እህል መደብር፣ አትክልት ተራ ድንገት ይገባል፤ ከቦርሳው የናስ መመዘኛዎቹን ያወጣል፤ ባለሱቁን ላብ እያጠመቀው አንድ በአንድ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጣል። ሚዛኑ ከዋሸ በእርሳስ ማኅተም ያሽገዋል። ባለሱቆች ከሩቅ ሲያዩት «ግራም መጣ!» ይባባሉ ነበርና ስሙ እዚያው ተጣብቆበት ቀረ። ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ግራም ግን ዛሬም ግራም ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለትም አልተወም። ሲያገባ እንኳ የሚስቱን ቀለበት ወርቅ ሠሪው ፊት በራሱ ሚዛን መዝኖ ነው የገዛው፤ አምስት ግራም፣ ስንጥር የማይጎድል። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት። ይህን ታሪክ ለደንበኞቿ እየተረከች ሠላሳ አንድ ዓመት አስቃበታለች።

ይህ ማንንም የማያምን ሰው ልቡን የሰጠው ለፕላስቲክ አውሮፕላን ነበር። የተገጣጠመ እንዳይመስላችሁ። ክንፉ ለብቻ፣ ጎማው ለብቻ ሆኖ፣ ሳጥኑ በላስቲክ እንደተጠቀለለ፣ ፋብሪካው እንደሸኘው ያለውን ነው የሚሰበስበው። የጦር አውሮፕላን አይወድም፤ የመንገደኛ ብቻ። የሠሯቸው ፋብሪካዎች ከተዘጉ ዘመናት አልፈዋል፤ ፕላስቲኩ የሚቀረጽባቸው ብረቶችም ለቁራጭ ብረት ሄደዋል። ስለዚህ ያለው ያለ ነው፣ የጠፋው ጠፍቷል። ለእንግዳ ተብሎ በተሠራው ክፍል ውስጥ አርባ ሦስት ሳጥን ደርድሯል። እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ይተኛል።

እንደነዚህ ባሉ ሰብሳቢዎች ዘንድ ላስቲኩ የተቀደደ ሳጥን ግማሽ ሬሳ ነው፤ የተገጣጠመ ደግሞ የተቀበረ። ታዲያ ካልከፈቱት ውስጡ ያለው መኖሩ በምን ይታወቃል? ግራም መልሱን ከሥራው አምጥቶታል። የእያንዳንዱን ሳጥን ክብደት ከሥሩ በእርሳስ ጽፏል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ከቁርስ በኋላ፣ ሚዛኑን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና አርባ ሦስቱንም ይመዝናል።

ሚስቱ በበሩ ስታልፍ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትለዋለች። እሱም ቀና ሳይል «ዝጊው፤ ነፋሱ ሚዛኑን ያነቃንቀዋል» ይላታል። ትዳራቸው በዚህ ዓይነት ደህና ነበር።

ወደ ነገሩ ልግባ። በዚህ ወር መጀመሪያ ቀን አንደኛውን ሳጥን አነሳ። ሦስቱንም ሞተሮቹን ጭራው ላይ የተሸከመ አውሮፕላን ነው፤ ሳጥኑ እንደ ጫማ ሳጥን ጥልቅ። ከሁሉ በፊት የገዛው፣ በሠርጉ ሳምንት የገዛው ነው። ከሥሩ 318 ይላል። ሚዛኑ 327 አለ።

አነሳው። ሚዛኑን ጠረገ። መልሶ አስቀመጠው። 327። የናስ መመዘኛውን አውጥቶ ሚዛኑን ራሱን ፈተሸ፤ ሚዛኑ ንጹሕ ነው። ዘጠኝ ግራም ጨምሯል።

የጎደለ ቢሆን ኖሮ አይጨነቅም ነበር ማለት አይደለም፤ ግን ይገባው ነበር። ሌባ ይቀንሳል እንጂ መቼ ይጨምራል? ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያስብ ቆየና ድንገት ገባው። ያ አውሮፕላን ኋላ ላይ በሌላ ፋብሪካ በወፍራም ፕላስቲክ እንደገና ተሠርቶ ነበር፤ በየመደብሩ የሚገኝ፣ ማንም የማይፈልገው ቅጂ። የሆነ ሰው ዋናውን ወስዶ ቅጂውን ተክቶለታል። ላስቲኩን እንኳ አሳምሮ ጠቅልሎታል!

ይህም የሆነው በክፉ ሰዓት ነው። እሑድ ጥርስ ሐኪሙ ይመጣል። ጥርስ ሐኪሙም እንደሱ ሰብሳቢ ነው፤ ግራም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲመኘው የኖረውን፣ በውኃ ላይ የሚያርፈውን የጥንት የመንገደኛ አውሮፕላን በእጁ አግኝቷል። ለመለወጥ የተስማማው በዚህ በባለ ሦስት ሞተሩ ብቻ ነው። ግራም ይህን ባለፈው ወር ምሳ ላይ ለሚስቱ ነግሯት ነበር።

«የትኛውን ነው የምትሰጠው?» አለችው ያኔ።

«ባለ ሦስት ሞተሩን።»

«የመጀመሪያውን?»

«አዎ፣ የመጀመሪያውን። ምነው?»

«ምንም» ብላ ሳህን ማንሳት ጀመረች።

አሁን ያቺ «ምንም» መጣችበት። ጥርጣሬ አንዴ ደጁን ከከፈቱለት ዘመዶቹን ሁሉ ይዞ ነው የሚገባው። ወደዚያ ክፍል ማን ገባ? ከሦስት ሳምንት በፊት የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ መስታወት ገጣሚው፣ የተሰነጠቀውን መስኮት ሊለውጥ መጥቶ ግማሽ ቀን ብቻውን ውሎበታል። ያውም ትልቅ የመሣሪያ ሣጥን ይዞ። እሷስ? ፀጉር ቤቷ ሰኞ ዝግ ነው፤ እሷ ግን ሦስት ሰኞ በተከታታይ «ዕቃ ላስተካክል» ብላ ሄዳለች። በአንደኛው ሰኞ እሱ በዚያ ሲያልፍ መዝጊያው እስከ ግማሽ ወርዶ፣ ከውስጥ የፀጉር ማድረቂያው ሲጮኽ ሰምቷል። ደንበኛ የለም። እሷም ስትመለስ ፀጉሯ እንደ ጠዋቱ ነበር።

ቀለበቷም የለም። ይህን ያየው በዚያው ቀን እራት ላይ፣ ጭልፋ ስታቀብለው ነው።

«ቀለበትሽስ?»

«ጣቴ አብጦ አወለቅኩት።»

ጣቷን አየው። እሱ በዓይኑ ሩብ ግራም የሚለይ ሰው ነው፤ ጣቷ ምንም አላበጠም። ወንድም ሰረቀ፣ እህት ሸፈነች፤ ወይ ዕዳ አለባቸው ወይ ሌላ ነገር አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሯት የተኛ ሰው ያን ሌሊት ጀርባውን ሰጥቷት ተኛ፤ አዘነም፣ ፈራም።

ሐሙስ ጠዋት መስታወት ገጣሚው ሱቅ ሄደ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ በግራና በቀኝ መስታወት ተደግፎ ቆሟል፤ ወለሉ ላይ የተሰባበረው ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል። ገጣሚው ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ፣ ጎንበስ ብሎ በአልማዝ መቁረጫው መስታወት እያሰመረ ነበር።

«ጋሼ! ደህና አደሩ? መስኮቱ ነፋስ አስገባ እንዴ?»

«መስኮቱን ተወው። ሳጥኔን የት አደረስከው?»

«የቱን ሳጥን?»

«አታድርቀኝ። ባለ ሦስት ሞተሩን። ዘጠኝ ግራም ጨምሯል።»

ገጣሚው መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዕቃ ጨምሮ የሚወጣ ሌባ እኔ የመጀመሪያው ነኝ ማለት ነው?»

«ሳቅ፣ ሳቅ! ሌላ ተክተህ ነዋ የጨመረው። እዚያ ክፍል ካንተ በቀር የገባ የለም።»

ሳቁ ጠፋ። መቁረጫውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «እኔ ከእርስዎ ቤት ይዤ የወጣሁት የአሮጌ መስኮትዎን ስባሪ ነው። ሌባ አሉኝ አይደል? እሺ። ለእህቴ አልነግራትም፤ ስለሷ ብዬ። እርስዎም እንዳይነግሯት።»

«ከእንግዲህ እግርህ ቤቴን እንዳይረግጥ!»

ግራም ይህን ብሎ ሲወጣ በየመስታወቱ ውስጥ ስድስት ሰባት ግራሞች አብረውት ወጡ። አንዳቸውም ደስ አላሉትም። ሰው ሌባ ሲባል «ለእህቴ አልነግርም» ይላል እንዴ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ብሎ ራሱን አጽናና።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሚስቱ ሥራ ላይ ሳለች፣ ግራም ዕድሜ ልኩን ሌሎችን የቀጣበትን ነገር አደረገ። ሳጥኑን ገለበጠ። ላጲስ አመጣ። ቁጥሩ የተጻፈው ከላስቲኩ ውጪ በተለጠፈች ወረቀት ላይ ነው። 318ን ቀስ አድርጎ ፋቀና 327 ብሎ ጻፈ። ሐኪሙ ሲመዝነው ልክ ይመጣል። የሰረቁኝ እነሱ፣ እኔ ለምን ልክሰር? አለ። ጆሮው ግን እንደ ተቀጣ ተማሪ ቀላ።

እሑድ ረፋድ ላይ ሐኪሙ መጣ፤ ዝምተኛ፣ እጀ ቀጭን ሰው። የራሱን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ግራም በውኃ ላይ የሚያርፈውን አውሮፕላን ሥዕል በእጅጌው ጠረገ። ሐኪሙ በበኩሉ አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አሰረና ባለ ሦስት ሞተሩን አነሳ። መዘነው።

«ሦስት መቶ ሃያ ሰባት። እርስዎ የጻፉት?»

«ሦስት መቶ ሃያ ሰባት» አለ ግራም።

ሐኪሙ ሳጥኑን ጆሮው ሥር አድርጎ ወዘወዘው። አሁንም ወዘወዘው። «እኔ የሚነቃነቅ ነገር አያመልጠኝም፤ እንጀራዬ ነው። ይኼ ግን አይነቃነቅም። ያልተገጣጠመ ዕቃ ኮሽ ኮሽ ይላል እኮ።» ከዚያ ገለበጠና መብራቱ ሥር አዘነበለው። «አቶ ግራም፣ ይህ ቁጥር ተፍቆ ነው የተጻፈው።»

ግራም የሚገባበት ጉድጓድ አጣ። ስንቱ ባለሱቅ እንደዚህ ፊቱ ቆሞ ነበር! ያኔ ምን እንደሚሰማቸው አስቦ አያውቅም፤ አሁን ገባው።

ሚስቱ መቼ መጥታ በሩ ላይ እንደቆመች አላዩም። የሥራ መቀሷን ይዛለች።

«ክፈቱት» አለች።

«እንዳትነኪው!» አለ ግራም።

አልሰማችውም። ላስቲኩን ከዳር እስከ ዳር ቀደደችው፤ ክዳኑን አነሳች። ውስጡ ጥጥ ነበር፤ የፀጉር ቤቱ ጥጥ። ከጥጡ ውስጥ አውሮፕላኑን በሁለት እጇ አወጣች። ተገጣጥሟል። ነጭ ጀርባ፣ በመስኮቶቹ በኩል ወጥ ሆኖ የተሳበ ሰማያዊ መስመር፣ ብርማ ሞተሮች። ክፍሎቹ የተቆረጡበት ባዶ ፍሬም ሳይቀር ከሥር ተደርድሮ ነበር፤ አንድም ነገር አልጣለችም። ጠረጴዛው ላይ በሦስት እግሩ አቆመችው።

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ወደ ሚስትየዋ ዞረ። «እጅዎ እኔ ጋ ቢሠራ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና የሁለቱን ፊት አይቶ ተወው። የራሱን ሳጥን በብብቱ ይዞ፣ ደህና ዋሉ ብሎ ወጣ። ግራም አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተመኘው አውሮፕላን አብሮት ሄደ።

«አንቺ ነሽ?»

«ሰኞ ሰኞ። ሳጥኑ ባዶውን እዚህ ተቀምጦ ሲጠብቅህ ነበር። ቀለሙ የጥፍር ቀለም ነው፤ ትንንሹን በወረንጦ ያዝኩት፤ ላስቲኩን በፀጉር ማድረቂያ አጣበቅኩት።»

«ለምን?»

«በሠርጋችን ሳምንት ይዘኸው ስትመጣ ምን አልከኝ?»

ግራም ትዝ እንዳይለው የፈለገው ነገር ቀስ እያለ ትዝ አለው። በዚያች ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ ሳጥኑን መሐላቸው አድርጎ፣ «ይህን አብረን እንገጣጥመዋለን፤ ትንሽ እንረጋጋና» ብሏት ነበር።

«ሠላሳ አንድ ዓመት እስክንረጋጋ ጠበቅኩ» አለች። «ለሰው ልትሰጠው ነው ስትለኝ ተናደድኩ። ብቻዬን ሠራሁት። እስከ ዛሬ ጠዋት ሐሳብህን ብትለውጥ ቁርስ ላይ ላቀርብልህ ነበር።»

«መልሰሽ ለምን አሸግሽው?»

«አንተ የታሸገ ካልሆነ ምን ትወዳለህ?»

ግራም አውሮፕላኑን አየው። ሦስት ሞተር ጭራው ላይ ተሸክሞ ወደ ኋላ አለመውደቁ ገረመውና፣ ከልማድ የተነሣ፣ ጠየቀ፤ «ጭራው ይከብዳል እኮ። እንዴት ቆመ?»

«መመሪያው አፍንጫው ውስጥ አምስት ግራም ክብደት ጨምሩ ይላል። ቤት ውስጥ አምስት ግራም መሆኑን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንተው ነህ የመዘንከው።»

ባዶ ጣቷን አየው፤ አምስቱ ቀለበቷ፣ አራቱ ጥጡና ቀለሙ። ተንበርክኮ ቢያለቅስ ደስ ባለው፤ ግን ከዚያ በፊት የሚናገረው ነገር ነበር፤ እሱም ከሁሉ የከፋው።

«ሐሙስ ወንድምሽ ጋ ሄጄ ነበር» አለ። «ሌባ ብዬዋለሁ።»

ሚስቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቢጮኽባት፣ ቢሰብር ትችለው ነበር፤ ይህን አልጠበቀችም። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለች። «አይጧ እኔ፣ ዳዋው የእናቴ ልጅ። ትናንት ማታ ስደውልለት እንኳ ሰላም ነን አለኝ።»

ከዚያ ሚዛኑን በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ ፊቱ አቀረበችለት። «ካላመንከኝ መዝነው። አፍንጫው ውስጥ ሌላ ነገር ከትቼ፣ ቀለበቱን ሸጬም ሊሆን ይችላል። መስበርም ትችላለህ።»

ግራም አውሮፕላኑን አነሳ። እጁ አመሉን አልለቅ ብሎት ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀው፤ ምንም ድምፅ የለም፤ አጥብቃ አጣብቃዋለች። ሚስቱ አየችው። አፈረ። አርባ ሁለት የታሸገ ሳጥን ግድግዳውን ተደግፎ ያየዋል፤ የሚዛኑ ቀይ ቁጥር ዜሮ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

አውሮፕላኑን መስኮቱ ደፍ ላይ፣ መስታወት ገጣሚው በገጠመው አዲስ መስታወት ፊት፣ በሦስት እግሩ አቆመው። ሚዛኑን አጠፋና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ኮቱን ፈልጎ ለበሰ።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ወንድምሽ ቤት።»

«አያስገባህም።»

«አውቃለሁ» አለ። «እስኪያስገባኝ ደጁ ላይ እቆማለሁ።»