የታጠበው ጥጥ

ፍራሽ ሰሪዋን ሰፈሩ ፊት ለፊት «እትዬ» ይላታል፤ ዞር ስትል ደግሞ «ሳሙና»። እውነቱን ለመናገር ስሙ ሲያንሳት ነው። ሌሎቹ ፍራሽ ሰሪዎች የአሮጌ ፍራሽ ጥጥ አራግፈው፣ ነድፈው መልሰው ይሞላሉ። እሷ ግን ሳታፈላና ሳታጥብ ነክታው አታውቅም። «በሰው ላብ ላይ ሰው አላስተኛም» ትላለች።

ለፋብሪካ ጥቁር ነዳጅ የጫነው ቦቴ ከድልድዩ ላይ ወንዙ ውስጥ የተገለበጠ ዕለት መጀመሪያ ትዝ ያላት ታናሽ ወንድሟ ነው። ወንዙ የሚገባው ሐይቁ ውስጥ ነው። ሐይቁ ወደ መሬት ገባ ብሎ ኩሬ በመሰለበት ጥግ ደግሞ ወንድሟ ዓሣ በመረብ አጥሮ ያረባል። ጀልባውን ሸጦ የገባበት ሥራ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ያየችውም እነዚያን የዓሣ ጫጩቶች ውሃ ውስጥ የለቀቀ ቀን ብቻ ነበር።

ከሐይቁ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የመጣችው ልጅ እግር ባለሙያ ነገሩን አልሸፋፈነችም። ነዳጅ የሚመጥ መሣሪያ ከሩቅ ከተማ ተጠይቋል፤ እሱ የሚደርሰው ግን ጅብ ከሄደ በኋላ ነው። ነፋሱ ከዞረ ነዳጁ ከነገ ወዲያ ጠዋት የዓሣው ጥግ አፍ ላይ ይሆናል። ስለዚህ አሮጌ ስቶኪንግ ይሰብሰብ፣ አሮጌ ጥጥ ይጠቅጠቅበት፣ በገመድ ተቀጣጥሎ አፉን ይዝጋው። ጥጡ እየተንሳፈፈ ነዳጁን ይጠጣል።

«እትዬ፣ ጥጡን እንዳለ ያምጡልኝ» አለቻት። «ማጠብ ምናምን አያስፈልግም። አይድከሙ።»

«አይድከሙ» መባልን ማን በቁም ነገር ይወስደዋል? እንግዳ «አትቸገሩ» ሲል ማጀት ገብቶ ጉድ ጉድ የሚል እንጂ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ባለቤት የለም። ፍራሽ ሰሪዋም «ይሉኝታ የምታውቅ ልጅ፣ ያሳደገሽ ይባረክ» አለችና ወደ ቤቷ ገሰገሰች።

ከተጣሉ ፍራሾች የለቀመችው ጥጥ ጓዳዋ ውስጥ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። የሕፃኑ ሽንት አለበት፣ የሽማግሌው ላብ አለበት። ይህን አገር ሁሉ በሚያየው ውሃ ላይ ልትዘረጋው? የሰው ገመና ነው እኮ። በርሜሏን ጣደች፣ በሶዳ አፈላችው፣ እጇ እስኪላጥ በሳሙና አሸችው። ስቶኪንግ ሲለቅም የዋለው ወንድሟ ሲመጣ ቆርቆሮው ጣሪያ ሁሉ ነጭ ለብሷል።

«እትዬ፣ ነዳጁን ልታስተኚበት ነው እንዴ?»

«አትቀልድ፣ ባልዲውን አንሳና ውሃ ቅዳልኝ።»

ሲጠቀጥቁ ጥጡ ጥቂት ጎደላቸው። የቀረው እናታቸው ታማ የሞተችበት፣ ድሮ በአዲስ ጥጥ የተሞላው ፍራሽ ብቻ ነበር። እስከዚያ ቀን አልነካችውም፤ አንጀቷ እንቢ ብሏት። አሁን ወንድሟ ገመድ ሊያመጣ ወጣ ሲል ዓይኗን ጨፍና ቀደደችው። ማጠቢያ ጊዜ አልነበረም። አፍራ፣ የጎደለውን ያህል ጥጥ እንዳደፈ አንድ ስቶኪንግ ውስጥ ወተፈችው። ጎሕ ሲቀድ የስቶኪንጉን ሰንሰለት ሲዘረጉ፣ ያችን ሰው እንዳያያት ዳር ላይ፣ ሸምበቆው ሥር አሰረቻት።

የቀረው ውሃው ላይ ነጭ ሆኖ ሲዘረጋ ዓይን ይስብ ነበር። «ሳሙና» አንገቷን ቀና አደረገች። ነፋሱም ዞረ።

ነዳጁ ሳይደርስ የሰንሰለቱ መሐል ዝቅ አለ። ከዚያ ግራና ቀኙ ተከተለው። ባለሙያዋ «ሳቡት፣ ሳቡት» ስትል ጥጡ ውሃ ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል፤ ማን ያንቀሳቅሰው። ጥቁሩ ነዳጅ በላዩ አልፎ፣ በር እንደሌለው ቤት ዘው ብሎ ገባ። ወንድሟ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ መረቡን ጨበጠ። ቢከፍተው ውጪው ነዳጅ፣ ቢተወው ውስጡ ነዳጅ። ዓሣዎቹ አፋቸውን እየከፈቱ ወደ ላይ መጡ። እያየ አንድ በአንድ ሆዳቸውን ገለበጡ።

ባለሙያዋ አንዱን ስቶኪንግ እንደምንም ጎትታ አወጣችና ጨመቀችው። ኩልል ያለ ውሃ ወረደ። አሸተተችው።

«ማን ነው ያጠበው?»

«እህቴ ናታ» አለ ወንድሟ ከውሃው ውስጥ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ቀኑን ሙሉ። እጇን እዪው። እሷ ምን ያላደረገችው አለ? ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ አላልቼው ነው።»

ባለሙያዋ ዓይኗን ወደ ፍራሽ ሰሪዋ መለሰች። ፍራሽ ሰሪዋ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ዝም ብትል ወንድሟ ዕድሜ ልኩን የገዛ እጁን ሲራገም ይኖራል።

«እንዳይታጠብ ነግራኝ ነበር» አለች።

«ጥሬ ጥጥ ሰም አለው» አለች ባለሙያዋ ቀስ ብላ። «ውሃን የሚገፋው እሱ ነው። ሶዳና ሳሙና ያንን ነው የሚያጥበው።»

ወንድሟ እጁን ከመረቡ ላይ አንስቶ ውሃውን እየገፋ ወደ ዳር ሄደ፤ ከእሷ ርቆ፣ በሸምበቆው በኩል። እዚያ አንዲት ስቶኪንግ ነዳጅ ጠጥታ፣ ጠቁራና አብጣ ተንሳፍፋለች። ከኋላዋ እፍኝ የምታህል ንጹሕ ውሃ ነበረች፤ ዓሣ ግን የለባትም።

«ይቺስ?» አለ ዞሮ ሳያያት።

«የእማዬ ፍራሽ ናት» አለች። «እሷን ብቻ አላጠብኳትም።»