ያስነጠሰችው ማን ናት?

ኤልያስ ሙዚቃ አቀናባሪ ነው፤ ስቱዲዮውም ጅማ ከተማ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ በድሮ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ረይሃናን «ድምፅሽ ወርቅ ነው፤ መልክሽ ግን ለክሊፕ አይሆንም» ያላት እዚያው፣ ፊት ለፊቷ፣ ያውም ሻዩን ፉት እያለ ነው። ቀጥሎም «ይቺን አልበም ለዮርዲ ዝፈኚላት፤ ቀጣዩ ባንቺ ስም ይወጣል» አላት። አመነችው። ሳሩን አይታ ገደሉን ሳታይ ገባች።

ዮርዲ ቆንጆ ናት፤ አፏን መክፈትና መግጠም ታውቅበታለች። ዘፈኑ እንደወጣ የጅማ ባጃጅ ሁሉ የረይሃናን ድምፅ እያስጮኸ ይከንፍ ጀመር። ረይሃና እዚያው ጅማ መርካቶ፣ አክስቷ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ትለካለች። ደንበኞቿ «ለዮርዲ ምን ዓይነት ጉሮሮ ነው የሰጣት!» ይሏታል። እሷ ፈገግ ትልና ጨርቁን ጨርር አድርጋ ትቀደዋለች። ቀጣዩም አልበም በዮርዲ ስም ወጣ፤ የሚቀጥለውም።

የቡና ለቀማው ሲያልቅ አጋሮ ላይ ትልቅ ኮንሰርት ተዘጋጀ። ኤልያስ «ምናልባት ካስፈለግሽ» ብሎ ረይሃናን ይዟት ሄደና ከመድረኩ ጀርባ፣ ጄኔሬተሩ ጥግ አስቀመጣት። እንዲህ ያለ ነገር ለጠላትም አይደረግ!

ዮርዲ የወርቅ መስቀሏን አንጠልጥላ ስትወጣ ሜዳው አበደ። የድምፅ ባለሙያው ሀምዳን ግን ተሳስቶ ነበር። የከፈተው ተቆርጦ ያልተስተካከለውን፣ የመጀመሪያውን ቅጂ ነው። ያንን ሲቀዱ የመጋዘኑ የቡና ገለባ ብናኝ የረይሃናን አፍንጫ አላስቀምጥ ብሎት ነበር።

ዮርዲ ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን በሰፊው ከፍታ ሳለ ድምፅ ማጉያው «እጥሽ!» አለ። ቀጥሎም ጥርት ባለ ድምፅ፣ «አልሐምዱሊላህ።»

አጋሮ ናት እንግዲህ። አስነጥሶ አላህን ያመሰገነን ሰው ሳይመርቁ ዝም ማለት አይታሰብም። ሜዳው በሙሉ፣ እንደ ልማዱ፣ ባንድ አፍ መለሰ፤ «የርሐሙኪላህ!» አላህ ይዘንልሽ ማለት ነው።

ከዚያ ሁሉም ዮርዲን አየ። አፏ እንደተከፈተ ነው፤ መስቀሏም አንገቷ ላይ ነው። መጀመሪያ የሳቁት ከፊት የቆሙ ሴቶች ናቸው። ሳቁ ብዙም አልቆየም።

«ሶባ! ውሸት ነው!»

የውሃ ጠርሙስ ይዘንብ ጀመር። ኤልያስ እየሮጠ መጥቶ ለረይሃና ማይክ አስጨበጣት።

«ዝፈኚ! ከዚሁ ሆነሽ ዝፈኚ፤ እሷ አፏን ታንቀሳቅሳለች!»

«አሁንም?» አለችው ረይሃና።

«ረይሁዬ፣ በእናትሽ! ቀጣዩ አልበም...»

«ቀጣዩን አልበም አፈር ይብላው!»

የመድረኩን ደረጃ ወጣች። ዮርዲ እያለቀሰች «ኤልያስ ፈቅዳ ነው ብሎኝ እኮ ነው» አለቻት።

«አንቺስ አንድ ቀን ጠይቀሽኛል?»

ሕዝቡ «ይቺ ደግሞ ማናት?» እያለ ይጮኻል። ለማስረዳት አልሞከረችም። አስነጥሶ የተመረቀ ሰው ግን መራቂዎቹን መልሶ መመረቅ አለበት፤ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«የህዲኩሙላህ» አለች። አላህ ይምራችሁ።

ጠርሙሱ መዝነቡን አቆመ። በየባጃጁ የሚያውቁት ድምፅ ነው።

«ያስነጠስኩት እኔ ነኝ። የዘፈንኩትም እኔ ነኝ። ስሜን ኤልያስ ይንገራችሁ።»

ተከትሏት በወጣው በኤልያስ አፍ ላይ ማይኩን ደገነች። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ረይሃና ማይኩን ወደ ራሷ መለሰችና ስሟን ራሷ ተናገረች።