መስመሯ ስትገባ የሚጠፋ ስህተት

የግል ኮምፒውተር ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ አውስትራሊያ ውስጥ ታምዎርዝ በምትባል ከተማ ክላይቭ የሚባል ፋርማሲስት ነበር። መድኃኒት ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት የሚያትምለትን ፕሮግራም ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈችለት ሜርል ናት። ሰኞ ጠዋት ደውሎ ጠራት። የወይዘሮ ፔቲፈር የልብ ኪኒን «በቀን አንድ» መሆኑ ቀርቶ የሌላ በሽተኛ ትእዛዝ፣ «በቀን አራት»፣ ታትሞበት ወጥቷል። ክላይቭ በዓይኑ ባይይዘው ኖሮ ሴትዮዋ አፈር ገብታ ነበር።

ሜርል ነገሩ ወዲያው ገባት። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ በሽተኛ ከኮምፒውተሩ ሜሞሪ መጻፊያ ቦታ ይጠይቃል፤ ሲጨርስ ይመልሳል። የሆነ ቦታ ላይ ከተሰጠው አልፎ የጎረቤቱን እየረገጠ፣ በሌላው በሽተኛ ላይ እየጻፈ ነው። የዚያ ዘመን ማሽን ደግሞ ድንበር የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሲረግጡትም ዝም ነው። ግን የት? ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣ ኮዱን መስመር በመስመር አነበበች። ቦታ የጠየቀችበት ሁሉ ልክ ነው፤ የመለሰችበትም ልክ ነው። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ!

በመጨረሻ ስህተቱ ከየት እንደሚነሳ ለመከታተል ብላ፣ ስክሪኑ ላይ «እዚህ ደርሻለሁ» የምትል አንዲት መስመር ጨመረች። ስህተቱ ጠፋ። መስመሯን አወጣቻት፤ ተመለሰ። አስገባቻት፤ ጠፋ። ሜርል ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«በቃ፣ መስመሯን ተያታ!» አለ ክላይቭ። «ምን አደረገችሽ?»

«ክላይቭ፣ አልጠፋም እኮ። መስመሯ ስትገባ ሁሉም ነገር ተገፋ፤ ቦታ ነው የቀየረው። አሁን ማን ላይ እንደሚጽፍ እንኳ አላውቅም።»

«እናንተ የኮምፒውተር ሰዎች ደግሞ! ሲበላሽም ታለቅሳላችሁ፣ ሲሠራም ታለቅሳላችሁ።»

«ማሽኑን አጥፋውና በእጅህ ጻፍ።»

«በእጄ? ጸሐፊዬን ያሰናበትኳት በአንቺ ማሽን ተማምኜ አይደል? ወረፋው አይታይሽም?»

ወረፋው በር ድረስ ነበር። ተስተካክሏል ብላ ቦርሳዋን አንስታ መሄድ ትችል ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አልቻለችም፤ ጀግና ሆና ሳይሆን ፈርታ ነው። ከማተሚያው አጠገብ ቆማ የሚወጣውን ወረቀት ሁሉ ከሐኪሙ ማዘዣ ጋር ታስተያይ ጀመር። ሁሉም ልክ ነበር። ልክ በሆነ ቁጥር ደግሞ ፍርሃቷ ባሰ።

ሱቁ ሊዘጋ ሲል ክላይቭ መጋረጃውን እያወረደ አያት።

«አንቺ ልጅ፣ ዕድሜ ልክሽን እዚህ ልትቆሚ ነው?»

«አይቻልም፤ አውቃለሁ» አለች። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትከፍተው?»